«ብላ ካስክ፣ ማፊ ቢስክሌት»፦ ልጆቹን ይዘሽ ወደ ታች ከመውረድሽ በፊት

ጅዴይዴ ውስጥ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ተኩል አሥር ሰዓት ገደማ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ልጆቹን አራግፈው ይሄዳሉ። ቦርሳው ይወረወራል፣ ምሳው ይበላል፣ ከዚያ «ላ ተሕት! ላ ተሕት!» ይጀመራል። ወደ ታች እንውረድ ማለታቸው ነው። ልጆች ባሉበት ቤት የሠራሽ እህቴ፣ ይህን ጩኸት በደንብ ታውቂዋለሽ።

ወደ ታች ሲባል ግን ሜዳ አለ ማለት አይደለም። ጅዴይዴ የመትን አውራጃ ዋና ከተማ ብትሆንም ሕንፃዎቿ ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው። የእግረኛው መንገድ ላይ መኪና ቆሟል፣ ባዶ በቀረችው ቦታ ላይ ደግሞ የጄኔሬተር ገመድና የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ስለዚህ ልጆቹ ሳይክል የሚነዱት ከሕንፃው ሥር ባለው ፓርኪንግ፣ በምሰሶዎቹ መሐል ነው። ወይም ደግሞ በር ላይ፣ ዴሊቨሪ ሞተሮች ሽው በሚሉበት መንገድ ዳር።

እኔ የምሠራበት ቤት ሁለት ልጆች ነበሩ። ወንዱ ሰባት ዓመቱ፣ ትንሿ አራት። ለልደት በዓል ወንዱ ቀይ ሳይክል ተገዛለት። ከሳይክሉ ጋር ሄልሜትም መጥቶ ነበር፣ የራስ ቁር የምንለው፣ እነሱ «ካስክ» የሚሉት። ከነላስቲኩ ቁምሳጥን ላይ ተቀመጠ። ማዳም አልብሺው አላለችኝም፤ እኔም ላልብሰው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ውስጥ ለውስጥ በሕንፃው ሥር ለሚነዳ ልጅ ሄልሜት ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ የሁላችንም ነበር መሰለኝ።

የዚያን ቀን ማዳም ከሥራ ደውላ «ይውረዱ፣ አንቺ ከበረንዳ ሆነሽ እያቸው» አለችኝ። ኩሳ ማሕሺ እየሞላሁ ነበር፤ እራት እንግዳ አለ ተብሏል። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። አንድ ኩሳ ሞልቼ ብቅ እላለሁ፣ ሁለተኛውን ሞልቼ ብቅ እላለሁ። ሦስተኛው ላይ ጩኸት ሰማሁ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አሳንሰሩ አይሠራም። ያን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት ዛሬም አላውቅም።

ልጁ ከመንገዱ ወደ ፓርኪንጉ የሚያስገባውን ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማው የውኃ መውረጃው ፍርግርግ ብረት ውስጥ ገብቶ፣ በመሪው ላይ ተወርውሮ በጭንቅላቱ ምሰሶው ላይ አርፏል። ደሙ ፊቱን ሸፍኖታል። ቁልቁለቱ አሥር ሜትር እንኳን አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ስሕተት ነበር፤ አንቺ እንዳትደግሚው ነው የምነግርሽ። አንደኛ፣ አንገቱን ይመመው አይመመው ሳልጠይቅ አፈፍ አድርጌ አነሣሁት። አራት ፎቅ ተሸክሜው ወጣሁ። ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ነሰነስኩበት፤ እናቴ እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ፣ የማዳም እናትም እንዲሁ ስታደርግ አይቻለሁ። ከዚያ ለማዳም ደወልኩ። አላነሣችም። ደግሜ ደወልኩ። አላነሣችም። ልጁ ማስታወክ ሲጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። አምቡላንስ የጠራው ናጡሩ ነው፤ ልጁን ስሸከም አይቶ ተከትሎኝ ወጥቶ ነበር። እኔ ግን ስልኩ በእጄ እያለ ያን ሁሉ ደቂቃ አባክኛለሁ። ምክንያቱን ልደብቅሽ አልፈልግም፦ ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ማዳም ፈቃድ መስጠት አለባት ብዬ ነው።

ልጁ ተሰፍቶ፣ ሆስፒታል አድሮ፣ ድኖ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ግን ሁለት ቃል ተቀበለኝ፦ «ወይን ኪንቲ?» የት ነበርሽ?

የት እንደነበርኩ እኮ ታውቃለች። ኩሳ እየሞላሁ ነበር። የዚያን ወር ደሞዜ በግማሽ ተከፈለኝ፤ ቀሪው ለሕክምናው ነው ተባለ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንግዲህ በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የልጁ ጭንቅላት ነው፣ ሌላው ያንቺ ነገር። ሁለቱን ነጣጥዬ ማየት አልቻልኩም። ልጁ ሲወድቅ መጀመሪያ የምትጠየቀው አብራው የወረደችው ናት፤ ስለዚህ ያች ቁምሳጥን ላይ የተቀመጠች ሄልሜት ልጁንም አንቺንም ትመለከታለች።

ለምን ጭንቅላት? ትንሽ ልጅ ከሰውነቱ አንጻር ጭንቅላቱ ትልቅና ከባድ ነው። ሲወድቅ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሆነ በጭንቅላቱ ይቀድማል፤ እጁን ቶሎ ዘርግቶ መከላከልም ገና አልለመደም። የራስ ቅሉም ከአዋቂ ይልቅ ስስ ነው። ደግሞ ለመጎዳት የግድ መፍጠን የለበትም። አንድ ነገር ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው። ልጁ ሳይክሉን አቁሞ ዝም ብሎ ወደ ጎን ቢወድቅ እንኳ ጭንቅላቱ ሲሚንቶ ላይ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ፍጥነት ያርፋል። «ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው» የሚለው ነገር የሚያጽናናኝ ለዚህ ነው ያልሆነው።

ሄልሜቱን ገልብጠሽ እዪው። ውጪው ስስ ፕላስቲክ ነው። ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው ጠንካራ ፎም ነው፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጩ ዓይነት። ልጁ ሲወድቅ ፎሙ ይጨፈለቃል። እየተጨፈለቀ ጭንቅላቱ ላይ ሊያርፍ የነበረውን ኃይል ይበላዋል፣ ጭንቅላቱም በአንድ ጊዜ ከመቆም ይልቅ ትንሽ እየለዘበ ይቆማል። አንጎል የሚጎዳው በዚያ በድንገተኛው መቆም ስለሆነ፣ ይህች «ትንሽ» ብዙ ናት። ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ ግን ተመልሶ አይነፋም። ከውጪ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ያለቀለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ በደንብ ከወደቀበት በኋላ ያ ሄልሜት ሥራውን ጨርሷል፣ ወደ ቆሻሻ ነው።

በዚህ ምክንያት እሑድ እሑድ ከሱቅ ኤል አሐድ ያገለገለ ሄልሜት ርካሽ አገኘሁ ብለሽ ለልጅሽ እንዳትገዢ። ልብስ ቢሆን እሺ፣ እኔም ከዚያ ነው የምለብሰው። የሄልሜትን ታሪክ ግን ሻጩም አያውቀውም።

ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከአሜሪካ ሲያትል ከተማ የወጣ ጥናት ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ85 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ዓለም ሁሉ ይህን ቁጥር ሲደጋግመው ኖረ። ቁጥሩ በዝቷል ያሉም ነበሩ። በ2017 ከ64 ሺህ በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞችን የሚመለከቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ የተገኘው ዝቅ ያለ ነው፦ የጭንቅላት ጉዳት በ51 በመቶ፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ይበቃኛል። ከባድ ከሚባሉት ጉዳቶች ሁለት ሦስተኛው ማለት እኮ ነው።

«ትልልቆቹ እንኳ አይለብሱም» የሚል ልጅ ካጋጠመሽ ይህን ንገሪው። የዓለም ዋና ዋና የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ አንለብስም ብለው ተከራክረዋል፣ ይሞቃል ብለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 አንድሬ ኪቪሌቭ የሚባል የካዛኪስታን ተወዳዳሪ ፈረንሳይ ውስጥ በፓሪስ ኒስ ውድድር ላይ ያለ ሄልሜት ወድቆ በጭንቅላቱ ጉዳት ሞተ። በዚያው ዓመት የዓለም ብስክሌት ማኅበር ሄልሜትን ግዴታ አደረገው። ዛሬ በቴሌቪዥን ያለ ሄልሜት የሚወዳደር አንድም ሰው አታዪም። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ክፍለ ሀገርማ ከሐምሌ 1990 ጀምሮ ማንኛውም ብስክሌት የሚነዳ ሰው እንዲለብስ በሕግ አስገድዳለች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቺ። ሄልሜቱ የተሠራው ለመውደቅ ነው። በአውሮፓ መለኪያ ሲፈተን ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ ብረት ላይ ይጣላል፤ የመኪናን ግጭት እንዲችል ተብሎ አይደለም። ስለዚህ ሄልሜት ስላደረገ ብለሽ ወደ ዶራ የሚያወጣው መንገድ ዳር አትልቀቂው።

አሁን ወደ ልኩ። ያለ ልኩ የተደረገ ሄልሜት ከባርኔጣ አይሻልም። ክር ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰጂ፣ ከቅንድቡ በላይ፣ ከጆሮው በላይ አድርገሽ ጭንቅላቱን ዙሪያውን ለኪው። የኛ ልጅ 53 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሄልሜቱ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ከስንት እስከ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ተጽፏል። እዚያው ላይ 1078 የሚል ቁጥር ፈልጊ፤ የአውሮፓ የሳይክል ሄልሜት መለኪያ ነው፣ ለስኬትና ለሮለርም ይሆናል። ስለዚህ ትንሿ «ትሮቲኔት» የምትነዳ ከሆነ ያው ሄልሜት ይሠራላታል፤ እሷም ማድረግ አለባት። በጣም ትንንሽ ልጆች ዘንድ 1080 የሚል ቁጥር ታገኚ ይሆናል፣ ለምን እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ።

ስታደርጊለት ወደ ኋላ አትግፊው። ብዙ ልጆች ግንባራቸውን ገልጠው እንደ ቆብ ወደ ማጅራት ነው የሚያደርጉት፤ ያኔ ምሰሶው የሚያገኘው ግንባሩን ነው። ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣትሽ ብቻ የሚያስገባ ቦታ ይቅር። ማሰሪያዎቹ ከጆሮው ሥር ተገናኝተው ጆሮውን አቅፈው ይውረዱ። አገጩ ሥር ስትቆልፊ አንድ ጣት ቢገባ ይበቃል። ከዚያ «አፍህን ክፈት» በዪው፤ አፉን ሲከፍት ሄልሜቱ ጭንቅላቱን ወደ ታች ሲጎትተው ከተሰማው ጥሩ ነው። ራሱን ሲነቀንቅ የሚዞርበት ከሆነ ኋላ ያለችውን መዘውር አጥብቂ። የሴት ልጅ ከሆነች ፀጉሯን ከፍ አድርገሽ አትሰሪላት፤ ወደ ታች፣ ማጅራቷ ላይ ይሁን። ወፍራም የክረምት ቆብ ከሥር አይደረግም።

1080 ያልኩሽ ነገር። ልጆች ሄልሜት እንዳደረጉ ወደ ዥዋዥዌና መንሸራተቻ ሮጠው ይወጣሉ። ሄልሜቱ ብረቱ መሐል ይያዝና ሰውነታቸው ይንጠለጠላል፣ ማሰሪያው ያንቃቸዋል። በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። ለዚህ ተብሎ ነው ሲጎተት ራሱ የሚከፈት፣ አረንጓዴ መቆለፊያ ያለው የሕፃናት ሄልሜት የተሠራው። ያንቺው ተራ ቢሆንም መላው ቀላል ነው፦ ከሳይክል ሲወርድ ሄልሜቱም ይወርዳል። መጫወቻ ስፍራ ውስጥ ሄልሜት የለም።

ከባዱ ሥራ ግን ማሰሪያውን መቆለፍ ሳይሆን ማዳምን ማነጋገር ነው። ብዙዎቻችን ይህን እንፈራለን። «እሷ የእናት ያህል ልታስብ ነው?» የሚል ፊት አለ፣ ታውቂዋለሽ። ልጆቹ ታች ሊወርዱ በር ላይ ቆመው ሲጮኹ አትጀምሪው። ማታ፣ ቡናዋን ስትጠጣ፣ ሁሉም ሲረጋጋ አንሺው። አንቺ ሕግ እያወጣሽላት እንዳይመስል አድርጊው፦ «ማዳም፣ እኔ ስፈራ ነው። ቢወድቅስ? ሄልሜቱን ካላደረገ አናውርደው፣ አንቺ ንገሪው፤ አንቺ ካልሽው ይሰማል» በያት። ልጁ ፊት እሷ አንዴ ካለችው በኋላ ሥራሽ ቀላል ነው። ሄልሜት ከሌለ ደግሞ መግዛት የወላጆቹ ድርሻ እንጂ ያንቺ አይደለም፤ ከደሞዝሽ እንዳትገዢ።

እኔ ከዚያ አደጋ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ልጆቹም ወደዱት፣ እንደ ዘፈን ይሉት ነበር፦ «ብላ ካስክ፣ ማፊ ቢስክሌት!» ካለ ሄልሜት ሳይክል የለም። ትንሿ አሻንጉሊቷን ሁሉ በዚህ ትቆጣት ነበር። ሄልሜቱን ከቁምሳጥን አውርጄ ከሳይክሉ መሪ ላይ አንጠለጠልኩት፤ ሳይክሉን ለመንዳት መጀመሪያ እሱን ማንሣት ግድ ነው። ማስመሪያ ለጥፎ አስጌጦት ነበር ራሱ። የራሱ ሲሆን ያደርገዋል።

ሌላው ማዳምን የምትነግሪያት ስለ በረንዳው ነው። ከአራተኛ ፎቅ ሆኖ ልጅ መጠበቅ የለም። ሲወድቅ ማየት ብቻ ነው የምትችዪው። «ወይ ልጠብቃቸው ወይ ላብስል፣ የትኛው ይሻላል?» በያት፤ ምርጫውን ለእሷ ስጪ። በቃል ካፈርሽ በዋትሳፕ ጻፊላት ወይም ድምፅ ላኪላት፦ «ሁለቱም ያለ ሄልሜት ወርደዋል፣ እኔ ኩሽና ነኝ።» መልእክቱ እዚያው ይቀመጣል። «ወይን ኪንቲ?» ሲመጣ መልሱ ስልክሽ ውስጥ አለ። እኔ ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ።

በበጋ ቤተሰቡ ወደ ተራራው፣ ወደ ብክፋያና ብሩማና አካባቢ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምር። እዚያ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነው፣ ልጆቹም ቀኑን ሙሉ ውጪ ናቸው። ከጅዴይዴ ሻንጣ ስታዘጋጂ ሳይክሉ መኪና ላይ ሲጫን ሄልሜቱ ቤት እንዳይቀር፤ የሚቀረው ሁልጊዜ እሱ ነው።

ከወደቀስ? ሄልሜት አድርጎም ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ ባለበት ይተኛ። አንገቴን ካለ፣ እጅ እግሬ ደነዘዘኝ ካለ፣ ወይም ራሱን ከሳተ አታንሺው፣ ሄልሜቱንም አታውልቂው፤ መኪና የሚመጣበት ቦታ ካልሆነ በቀር። ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ ያዢው፤ ሥሩ የሚረግብ ወይም የገባ አጥንት ከተሰማሽ ግን አትጫኚ። ቡና የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም። እብጠት ብቻ ከሆነ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢበት።

ራሱን ከሳተ፣ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን፤ ደጋግሞ ካስታወከ፤ እንቅልፍ ጥሎት ለማንቃት ካስቸገረሽ፤ የሚናገረው ከተምታታ፣ ካንቀጠቀጠው፣ የአንዱ ዐይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ደም ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ጊዜ የለሽም። 140 ደውዪ። የሊባኖስ ቀይ መስቀል ነው፣ አምቡላንሱ በነፃ ነው። ፖሊስ አይደለም። ኢቃማ ባይኖርሽም፣ በፍሪላንስ የምትሠሪም ብትሆኚ ደውዪ። ዐረብኛሽ ትንሽ ከሆነ ይህችን በቃልሽ ያዢ፦ «ፊ ዋላድ ዊኤ ዓ ራሶ»፣ በጭንቅላቱ የወደቀ ልጅ አለ ማለት ነው። ከዚያ ሰፈሩን፦ «ጅዴይዴ፣ ሐድ…» ብለሽ አጠገቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ዱካን ጥሪ። የሕንፃሽን ስም ዛሬ ናጡሩን ጠይቀሽ በአማርኛ ፊደል ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። ማዳም ላይ የምትደውዪው 140 ከደወልሽ በኋላ ነው። ካላነሣች ለሚስተር።

ምንም ምልክት ባይኖርም ለወላጆቹ ንገሪ። አንዳንድ እህቶች ልጁ ትንሽ ከወደቀ ይደብቃሉ፣ ቁጣውን ፈርተው። የጭንቅላት ጉዳት ግን ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል፣ ሌሊት ልጁ ቢያስታውክ ወላጆቹ ሆዱን ነው የሚመስላቸው። አንቺም ያን ጊዜ የደበቅሽ ትሆኛለሽ። ፓናዶልም ሆነ ሌላ መድኃኒት በራስሽ አትስጪ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ አድርጓታል፣ እስካሁንም የሚጎዳን ይህ ነው። ነገር ግን በ2009 የሥራ ሚኒስቴር ያወጣው አንድ ወጥ ውል አለ፤ የፈረምሽው እሱን ሳይሆን አይቀርም። በዐረብኛ ስለሆነ አላነበብሽውም ይሆናል። ውሉ ደሞዝሽ በየወሩ መጨረሻ ሙሉውን እንዲከፈልሽ፣ ሥራሽ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖርሽ ይላል። ልጅ ወድቋል ተብሎ ደሞዝ መቁረጥ፣ ከቤት እንዳትወጪ መቆለፍ፣ ስልክ መቀማት መብት አይሆንም። ተናደዋል፣ ፈርተዋል፣ ልጃቸው ነው፤ ይህን እረዳለሁ። የተቆረጠውን ግን ቀኑንና መጠኑን ጽፈሽ ያዢ።

ነገሩ ፖሊስ ጋ ከደረሰ የማታነቢው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የሊባኖስ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 47 የተያዘ ሰው ለቤተሰቡ ወይም ለሚያውቀው ሰው እንዲደውል፣ ጠበቃ እንዲያገኝ፣ አስተርጓሚ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። «ቢዲ ሙታርጂም»፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ እሱን ደጋግመሽ በዪ። ካሪታስ አለ፤ የራሳችን እህቶች በ2017 ያቋቋሙት እኛ ለእኛ በስደትም አለ። እሑድ ዶራ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ስትወርጂ ስልካቸውን ጠይቀሽ መዝግቢ፣ ችግር እስኪመጣ አትጠብቂ።

ልጆችሽን እዚሁ ሊባኖስ የምታሳድጊ እህቴ፣ ይህ ሁሉ ላንቺም ነው። ቡርጅ ሐሙድ ጠባብ መንገድ ላይ የሚነዳው ያንቺ ልጅ የሚደገፍበት ናጡር እንኳ የለውም።

ልጆቻችሁን አገር ቤት የተዋችሁ ደግሞ አላችሁ፣ እንደኔ። ከደሞዝ ተርፎ ለልጅ የሚላክ ነገር ቢኖር ሳይክል ነው። ልጄ ባሕር ዳር እናቴ ጋ ናት። ባሕር ዳር እንደምታውቁት የሳይክል ከተማ ናት፣ ትልቁም ትንሹም ይነዳል፣ ሄልሜት ያደረገ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ልጆች ሳይክል እየተከራዩ ይውላሉ፤ በስልክ ያየሁት ቪዲዮ ላይ አብዛኛው ባዶ ራስ ነው።

ባለፈው ዓመት ስምንት ዓመት ሲሞላት ለሳይክል ብር ላኩ። እናቴን በዋትሳፕ ቪዲዮ ደውዬ «ክር አምጪና ጭንቅላቷን ለኪልኝ» አልኳት። «ደግሞ ምን ልትሰፊላት ነው?» አለችኝ። ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ በላይ እያልኩ አሳየኋት። እናቴ ለካች፣ ክሩን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ላይ ዘረጋችው፣ ማስመሪያው ስላጠረ ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ልጄ ከኋላ ሆና ትስቃለች።

«ሃምሳ ሁለት» አለችኝ እናቴ።

ጻፍኩት።